በነጻ የተገኘ መሣሪያ ጠባቂ ይሻል
ስለ ድረ ገጽ ዝግጁ አካላት ለነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ

ዛሬ አንድ የንግድ ቤት ሸቀጡን ለማስታወቅ፣ ትእዛዝ ለመቀበልና ሒሳቡን ለመመዝገብ በድረ ገጽ መገልገሉ የተለመደ ሆኗል። ይሁን እንጂ ገጹን የሚያዘጋጀው ባለሙያ እያንዳንዱን ክፍል ከመሠረቱ አንሥቶ አይሠራም። አናጢ ማጠፊያውንና መቀርቀሪያውን ከሱቅ ገዝቶ በበሩ ላይ እንደሚገጥም ሁሉ፣ የድረ ገጽ ባለሙያም የሚጫኑትን ቁልፍ፣ የሚሞሉትን ቅጽ፣ ሠንጠረዡንና የቀን መምረጫውን ተዘጋጅተው ከተቀመጡበት ስብስብ ያነሣል። ይህ ስብስብ በባለሙያዎቹ ዘንድ ኮምፖነንት ላይብረሪ ይባላል። ከነዚህ ስብስቦች ብዙዎቹ የአሠራራቸው ጽሑፍ ለማንም ሰው ክፍት ስለ ሆነ ያለ ዋጋ ይገኛሉ።

ጠንቃቃ ነጋዴ ግን ያለ ዋጋ የቀረበለትን ዕቃ ከመቀበሉ በፊት ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ቢበላሽም ማን እንደሚጠግነው ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ በዚህ ጉዳይም መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከነዚህ ስብስቦች እጅግ ከታወቁት አንዱ ቡትስትራፕ ነው። የሠሩትም ማርክ ኦቶና ጄኮብ ቶርንተን የተባሉ የትዊተር ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው። የኩባንያው የውስጥ መሣሪያዎች በልዩ ልዩ መልክ ተሠርተው ስለ ነበር ጥበቃቸው አድካሚ ሆነ፤ ስለዚህም ሁሉን በአንድ መልክ የሚያስኬድ ስብስብ አዘጋጁ፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 2011 ለሕዝብ ተለቀቀ። ከዚያም በኋላ ሁለቱ ሰዎች ከኩባንያው ቢለቁም ሥራው አልተቋረጠም። ጽሑፉ ክፍት ስለ ነበር በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች፣ እንደ ደቦ እየተረዳዱ፣ ጉድለቱን እያረሙ አቆይተውታል።

ቡትስትራፕ ዛሬ የሚሰጠው ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው ፈቃድ ነው። ይህም ፈቃድ የባለቤትነቱ ማስታወቂያና የፈቃዱ ቃል ተጠብቆ እስከ ቆየ ድረስ፣ ማንም ሰው ጽሑፉን እንዲገለገልበት፣ እንዲለውጠውና እንዲሸጠውም ይፈቅዳል። ነገር ግን ዕቃው እንዳለ የተሰጠ መሆኑንና ማናቸውም ዋስትና እንደሌለው በግልጽ ያስታውቃል።

የዋስትና አለመኖር ምን እንደሚያመጣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 2018 ታይቷል። በቻይና አገር አንት ፋይናንሻል የተባለው ኩባንያ ያወጣው አንት ዲዛይን የተባለ ስብስብ በብዙ የንግድ ቤቶች ይሠራበት ነበር። በዚያ ቀን በስብስቡ የተሠሩ ገጾች ቁልፎች በረዶ የወረደባቸው መስለው ታዩ። ነገሩ ለገና በዓል እንደ ጨዋታ የተሰናዳ ሲሆን፣ በጽሑፉ ውስጥ የገባው ከወራት በፊት ነበር። ከአለቆቻቸውና ከደንበኞቻቸው ወቀሳ የደረሰባቸው ባለሙያዎች ቅሬታቸውን አሰሙ፤ የስብስቡም ጠባቂ ይቅርታ ጠየቀ፤ የታረመ ዕትምም ወጣ። ጽሑፉ እስከዚያ ቀን ድረስ ለሁሉ ክፍት ነበር፤ ሆኖም ክፍት መሆኑ ብቻ፣ የሚያነበው ካልተገኘ፣ ማንንም አያድንም።

ስለዚህ ነጋዴው ባለሙያውን ሦስት ነገር ይጠይቀው። አንደኛ፣ ፈቃዱ የትኛው ነው? ሁለተኛ፣ የስብስቡ ጠባቂዎች ዛሬም በሥራ ላይ ናቸውን? ሦስተኛ፣ በገጹ ላይ የገባው ዕትም ቁጥሩ ተለይቶ ተወስኗልን? ዕትሞች ብዙውን ጊዜ በሦስት ቁጥር ይመዘገባሉ። ደንቡ በተጠበቀ ጊዜ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ሲለወጥ የቀድሞው አሠራር ሊፈርስ እንደሚችል፣ የመካከለኛው አዲስ ነገር መጨመሩን፣ የመጨረሻውም ጉድለት መታረሙን ያመለክታል። አዲስ ዕትም ሳይፈተን በሥራ ላይ በዋለ ገጽ አይገባም።

ለአገራችን ነጋዴ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የዘመን አቆጣጠራችን ነው። የድረ ገጽ መደበኛው የቀን መሙያ የሚቀበለው የአውሮፓን ቀን ነው። ዓመትን በ12 ወር ብቻ የሚያሰላ የቀን መምረጫ ለጳጉሜን ቦታ የለውም። ጳጉሜንም ቢኖረው፣ አዲሱን ዓመት ምንጊዜም ሴፕቴምበር 11 ቀን የሚያውል ከሆነ ያሳስታል። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ስለ ነበረች፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የዋለው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። የአንድ ቀን ስሕተት በዕዳ መክፈያ ውል ላይ ቀላል ነገር አይደለም።

እንዲህ ያለ ጉድለት ሲገኝ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው የንግድ ቤቱ ባለሙያ በራሱ ቅጂ ላይ አርሞ ዝም ማለቱ ነው። ይህ ለዕለቱ የቀለለ ይመስላል፤ ነገር ግን አዲስ ዕትም በወጣ ቁጥር ያው እርማት እንደገና ሊሠራ ነው፤ ደመወዙም እንደገና ሊከፈል ነው። ሁለተኛው እርማቱን ለስብስቡ ጠባቂዎች ማበርከት ነው። አበርካቹ አስቀድሞ ጉድለቱ እንዴት እንደሚታይ በአጭር ምሳሌ ያስመዘግባል፤ ቀጥሎም የጽሑፉን ቅጂ ወስዶ አንዱን ጉዳይ ብቻ ያርማል፤ መፈተኛውንና መግለጫውን ጨምሮ ይልካል። ጠባቂዎቹ መርምረው ከተቀበሉት እርማቱ በሚቀጥሉት ዕትሞች ሁሉ ይገኛል፤ ሌላውም ነጋዴ ይጠቀምበታል። ሳይቀበሉት ቢቀሩ እንኳ ምክንያቱን ማወቅ ለባለሙያው ትምህርት ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሎ የተነገረው ለዚህም ሥራ ይስማማል። በነጻ ዕቃ የሚነግድ ሰው ከባለሙያው የሥራ ሰዓት ጥቂቱን ለዚያው ዕቃ ጥበቃ ቢመድብ ምጽዋት እንደ ሰጠ አይቈጠርም፤ የራሱን ሱቅ ጣራ እንደ ጠገነ ይቈጠራል እንጂ።