እንግዳውን እስከ መጨረሻው እንስማው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በስደት ያለች እኅት ጆሮዋ ሥራ አይፈታም። እጇ ሳህን ያጥባል፣ ልብስ ይተኩሳል፤ ጆሮዋ ግን አገር ቤት ነው። ማታ ማዳም ከተኛች በኋላ በአንዱ ጆሮዋ ማዳመጫውን ትሰካለች፤ ሁለተኛውን ምናልባት ብትጠራ ብላ ክፍት ትተወዋለች። የምትሰማው መዝሙርና ስብከት ብቻ አይደለም። የፖለቲካ ሰው፣ ደራሲ፣ ተመራማሪ፣ አርቲስት ተጋብዞ ሲጠየቅና ሲመልስ ታዳምጣለች። ከቅዳሴ በኋላም «አባቴ፣ እገሌ በቃለ ምልልስ የተናገረውን ሰሙት?» የምትለኝ ብዙ ናት።

ይህን አልነቅፍም። እንዲያውም መስማት ዕውቀት ነውና ደስ ይለኛል። ነገር ግን አሰማማችን ብዙ ነገር ስላበላሸብን፣ እኔም ከአበላሾቹ አንዱ ስለነበርሁ፣ ዛሬ ስለዚሁ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

የአርባ ሰከንድ ጠብ

በአጥቢያችን ሁለት እኅቶች ነበሩ። የዕረፍት ቀናቸውን የሚያሳልፉበትን ክፍል በጋራ የተከራዩ፣ አንዲቱ ስትታመም ሁለተኛይቱ ሾርባ ይዛ የምትሄድ፣ ለአገር ቤት የሚልኩትን ገንዘብ እንኳ እየተበዳደሩ የሚልኩ ነበሩ። አንድ ቀን አንደኛዋ ከአንድ የፖለቲካ እንግዳ ቃለ ምልልስ የተቆረጠ የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ በስልኳ ደረሳት። በቪዲዮው ውስጥ እንግዳው የሁለተኛይቱን ወገን የሚያዋርድ ቃል ሲናገር ይሰማል። አንደኛዋ ምንም ሳትጨምር ወደ ጋራው የዋትስአፕ ቡድን አሳለፈችው። ሁለተኛይቱ «ልቧ ቢሆን ነው» አለች። ሦስት ወር ሰላምታ ተቋረጠ። አንዷ ከቁርባን ቀረች።

የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ነገሩን ሰዎች ነገሩኝ፤ ቪዲዮውን ሳላይ፣ ቃለ ምልልሱን ሳልሰማ፣ በዐውደ ምሕረት ቆሜ ተናጋሪውንም አሳላፊዋንም ገሠጽሁ። ስሟን ባልጠራም ሁሉም ያውቃት ነበርና አንገቷን ደፍታ ወጣች።

በኋላ አንድ ዲያቆን ሙሉውን ቃለ ምልልስ ፈልጎ አመጣልኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። እንግዳው ያንን ክፉ ቃል የተናገረው «እንዲህ የሚሉ ሰዎች አሉ» ብሎ የሌላውን ንግግር ሲጠቅስ ነበር። ከዚያም ለምን ስሕተት እንደሆነ ረጅም ጊዜ ወስዶ ያስረዳል። መቀሱ የገባው ከጥቅሱ በኋላ ከመልሱ በፊት ነው። ሁለቱን እኅቶች ጠርቼ አብረን ቁጭ ብለን ሰማነው። ሲያልቅ ማንም ቶሎ አልተናገረም። አስቀድሜ ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

መጠየቅና መስማት በአባቶቻችን ዘንድ

ቃለ ምልልስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ንግሥተ ሳባ የሰሎሞንን ጥበብ በወሬ ሰማች፤ ወሬውን ይዛ አልተቀመጠችም። በእንቆቅልሽ ልትፈትነው ኢየሩሳሌም ድረስ ሄደች፣ በልቧ ያለውን ሁሉ ጠየቀችው፤ ያመነችውም መጥታ በዐይኗ ካየች በኋላ ነው (1ኛ ነገ. 10፥1-7)። ጌታችንም የዐሥራ ሁለት ዓመት ብላቴና ሳለ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ ተገኘ (ሉቃ. 2፥46)። ወንጌላዊው ሲጽፍ መስማቱን ከመጠየቁ አስቀድሟል። ጲላጦስ ደግሞ እውነት ምን እንደሆነች ጠየቀና መልሱን ሳይጠብቅ ወጣ (ዮሐ. 18፥38)። መልሱ በፊቱ ቆሞ ነበር።

እኔ ባደግሁበት ጉባኤ ቤት የኔታ አንዱን ንባብ ከተረጎሙ በኋላ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን ያመጣሉ፤ እንደገና «አንድም» ብለው ሦስተኛውን ይጨምራሉ። የመጀመሪያውን ሰምቶ የተነሣ ተማሪ ተማረ አይባልም። ተቆርጦ የሚላክልን ቪዲዮ ከመጀመሪያው «አንድም» ላይ ተነሥቶ እንደሄደ ተማሪ ነው።

ጠያቂውንም ተጠያቂውንም መለየት

ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የጋዜጠኛ መዓዛ ብሩን «የጨዋታ እንግዳ» ያልሰማ ጥቂት ነው። አንዱ እንግዳ ለብዙ ሳምንታት የሚቀጥልበት ጊዜ አለ። ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠየቅ፣ እናቱን፣ ሰፈሩን፣ ትምህርት ቤቱን ሲያነሣ፣ ኋላ የሚናገረው ፖለቲካ ከየት እንደመጣ ይገባናል። ረጅም ቃለ ምልልስ ጥቅሙ ይህ ነው።

ቢሆንም ጥሩ አድማጭ ጠያቂውንም ይመረምራል። በ1964 ዓ.ም. ጣሊያናዊቷ ጋዜጠኛ ኦሪያና ፋላቺ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አነጋግራ ጽፋለች። ጥያቄዋ ደፋር ነበር። ሆኖም ያነበብነው በእርሷ ብዕር የተጻፈውን ነው፤ የጠያቂ ብዕር ደግሞ የጠያቂውን ዐይን ይከተላል።

ተጠያቂውም እንዲሁ ነው። ገነት አየለ ሐራሬ ድረስ ሄዳ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን አነጋግራ በ1994 ዓ.ም. ትዝታቸውን በመጽሐፍ አወጣች። ያንን ያነበበ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስን «እኛና አብዮቱ»ን፣ የፍሥሐ ደስታን «አብዮቱና ትዝታዬ»ንም ቢያነብ መልካም ነው። በአንድ መንግሥት አብረው የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ግን ከቆመበት ቦታ ሆኖ ይተርካል። ጠቢቡም አስቀድሞ የተናገረ ሰው ጻድቅ እንደሚመስል፣ ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ መሆኑን አስተምሮናል (ምሳ. 18፥17)።

«ይህ እኔን አይመለከተኝም» አትበሉ

አንዳንድ እኅቶች ስለ ቴክኖሎጂ የሚናገር እንግዳ ሲመጣ ያልፉታል። ትውልዷ አዲስ አበባ የሆነችው ተመራማሪ ዶክተር ትምኒት ገብሩ ከባልደረባዋ ጋር በ2010 ዓ.ም. ያወጣችውን ጥናት እንመልከት። የሰውን ፎቶ አይተው ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎችን የኮምፒዩተር ሥራ መርምረው ነበር። በፈካ መልክ ባላቸው ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። በጠቆረ መልክ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን ከመቶ እስከ 34.7 ደርሷል። እኅቴ፣ ይህ ስለ አንቺ መልክ የተነገረ ነው። ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተር የሰውን ድምፅና ፊት አስመስሎ ያልተናገረውን ሊያናግረው ይችላል። እንግዲህ በዐይናችን አየን፣ በጆሯችን ሰማን ማለት ብቻ አይበቃንም።

የፖለቲካ እንግዳንም ስንሰማ «ከየትኛው ወገን ነው?» ከማለት «የጠየቁትን መለሰ ወይ?» ማለት ይሻላል። በ2006 ዓ.ም. ለቤት ሥራ ወደ ዐረብ አገር የሚደረግ ጉዞ መታገዱን፣ በ2010 ዓ.ም. እገዳው መነሣቱን ታስታውሳላችሁ። በመካከሉ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኛ የሚላከው የሥራ ስምምነት ወደ ተደረገበት አገር መሆን እንዳለበት ደንግጎ ነበር። ስለዚህ ስለ እናንተ ጉዳይ የሚናገር ባለሥልጣን ሲቀርብ ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙ፦ ከየትኛው አገር ጋር ስምምነት አለ? ደመወዝ ቢከለከል የሚከታተለው ማነው? «እየሠራንበት ነው» የሚል ቃል መልስ መሆኑንና አለመሆኑን ለዩ።

ጥቂት ምክር

አንደኛ፣ ሙሉውን ሳትሰሙ አታሳልፉ። ጊዜ ከሌላችሁ አለማሳለፍ ኃጢአት የለውም። ሁለተኛ፣ ልባችሁን ያቃጠለ ቪዲዮ ሲመጣ ለመልስ ሳይሆን ለማጣራት ፍጠኑ፤ ሐዋርያው ያዕቆብ ለመስማት የፈጠንን፣ ለመናገርና ለቁጣ የዘገየን እንድንሆን ይመክረናል (ያዕ. 1፥19)። ሦስተኛ፣ እንግዳው ካሳዘናችሁ ጠባችሁን ከአጠገባችሁ ካለች እኅት ጋር አታድርጉ። እርሱ አያውቃችሁም። ስትታመሙ ሾርባ የምታመጣላችሁ እርሷ ናት።

አንድ ነገር ልጨምር። የሚጠየቀው ስሙ የታወቀ ሰው ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ አገር ቤት ስትደውሉ «ደኅና ነሽ? ብሩ ደረሰ?» ብላችሁ ብቻ አትዝጉ። «እማዬ፣ አንቺ ልጅ ሳለሽ ፋሲካን እንዴት ታሳልፉ ነበር? ከአባቴ ጋር እንዴት ተጋባችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ድምፅዋንም ፈቅዳ ቅዱት። ለነገ ብለው አቆይተው ነገን ያላገኙ ብዙ ልጆች አጽናንቻለሁ።

እነዚያ ሁለት እኅቶች ዛሬም ያንኑ ክፍል ይጋራሉ። በዕረፍት ቀናቸው ቡና ሲፈላ አንዱን ስልክ በመካከላቸው አስቀምጠው ቃለ ምልልስ ይሰማሉ። በሐሳብ ሁልጊዜ አይስማሙም። ነገር ግን እንግዳው ሳይጨርስ መናገር ክልክል ነው ብለው ሕግ አውጥተዋል። እኔም በዚያው ሕግ ገብቻለሁ።

አምላካችን ሰሚ ጆሮ፣ አስተዋይ ልብ ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር