ቲቢ አጥንትም ይበላል!

እኔ የላስታ ልጅ ነኝ። የእኛ አገር መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ውሃውም እንጨቱም በጀርባ ስለሚመጣ “ወገቤን” ማለት ብርቅ አይደለም። ችግሩ ታዲያ ሁሉንም የጀርባ ሕመም “የሸክም ነው” ብለን ማለፋችን ነው። እስቲ ሐኪሞች የሚናገሯቸውን ቃላት አንድ በአንድ እንያቸው።

አከርካሪ፦ ከአንገት እስከ ጭራ አጥንት የተደረደሩ አጥንቶች ናቸው።

ዲስክ፦ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል ነው። “ዲስክ ተንሸራተተ” የሚባለው ይህ ትራስ ከቦታው ወጥቶ ነርቭ ሲጫን ነው።

ህብለ ሰረሰር፦ በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፍ የነርቭ ገመድ ነው። እሱ ከተጎዳ እግር ሊሰንፍ ይችላል።

አርትራይተስ፦ የመገጣጠሚያ መቆጣትና ማበጥ ነው።

ስኮሊዮሲስና ካይፎሲስ፦ የመጀመሪያው የአከርካሪ ወደ ጎን መጣመም፣ ሁለተኛው ከልክ በላይ መጉበጥ ነው።

የፖት በሽታ፦ የአከርካሪ ቲቢ ማለት ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1779 ስለ በሽታው ከጻፈው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ከፐርሲቫል ፖት ነው።

ብዙዎቻችን ቲቢ ሲባል ሳል ብቻ ይመስለናል። ጀርሙ የሚገባው በትንፋሽ ቢሆንም በደም ተጉዞ አከርካሪ ላይ ሊያርፍ ይችላል። እዚያም አጥንቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ አጥንቱ ሲደረመስ ጀርባ ይጎብጣል።

ይህ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው? ቲቢ በሰውነት ውስጥ ተኝቶ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ኤች አይ ቪ የመከላከል አቅምን ሲያዳክም የተኛው ቲቢ ይነሳል። ለዚህ ነው ቲቢ የተገኘበት ሰው የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲያደርግ የሚመከረው። ይሁን እንጂ የአከርካሪ ቲቢ የያዘው ሁሉ ቫይረሱ በደሙ አለ ማለት አይደለም። ጎባጣ ሰው አይቶ “እሱማ…” እያሉ መንሾካሾክ በሽተኛውን ቤት ያስደብቀዋል፤ በተደበቀ ቁጥር ደግሞ አጥንቱ ይበላል። ቲቢው አከርካሪ ላይ ብቻ ከሆነ አብሮ በመቀመጥ፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም።

እንግዲህ ለሳምንታት የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ካያችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእግር መስነፍ ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ከመጣማ አንድ ቀንም አይታደርም! ወጌሻ ጋ ሄዶ መታሸት ግን አደገኛ ነው፤ የተበላው አጥንት ተደርምሶ ህብለ ሰረሰርን ሊጫን ይችላል።

መልካሙ ዜና የአጥንት ቲቢ በመድኃኒት ይድናል። ሕክምናው በአገራችን መመሪያ 12 ወር ነው፤ “ተሻለኝ” ብሎ በመሐል ማቋረጥ የለም። የጸረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒትም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? እናንተም ጀርባውን ይዞ የሚያቃስት ጓደኛ ካላችሁ አትሳቁበት፤ አብራችሁት ሂዱ።