ከግዝት በፊት ያለችው ሳምንት

በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ «መጠጥ ትቻለሁ» ያለ ሰው «ማን ገዘተህ?» ተብሎ ቢጠየቅ አይገርምም። የነፍስ አባቱ ፊት ቀርቦ ወይም ጠበል ወርዶ በታቦት ስም ቃል ይገባል፤ ከዚያች ቀን ወዲያ አንዲት ፉት የለም። የድጓ ማስመስከሪያው ቤተ ልሔም የሚገኝበት፣ ቤተ ክርስቲያን ከቀዬው የማይርቅበት አገር ነውና ሥርዓቱ ክብር አለው። ለብዙዎችም ሠርቷል። እኔም ግዝትን ልነቅፍ አልተነሣሁም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ ለኖረ ሰው ከግዝቱ በፊት አንድ ሳምንት የሚፈጅ የሐኪም ሥራ አለ። ያቺ ሳምንት ስትዘለል ሰው ሊሞት ይችላል።

ሥራውን የሚሠራው አማካሪ ማነው? ሆስፒታል ውስጥ ከሆነ የሳይካትሪ ነርስ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ጤና ጣቢያ ላይ ደግሞ ወባውንም ወሊዱንም ሲያይ የሚውል፣ በመሐል ስለ አእምሮ ጤና አጭር ሥልጠና የወሰደ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ሊሆን ይችላል። ይህ ሁለተኛው አሠራር የመጣው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ከጀመረው መርሐ ግብር ነው፤ የአእምሮ ሐኪም ባልበዛበት አገር ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ ይውረድ ከሚል ሐሳብ ተነሣ። ኢትዮጵያ ቅድሚያ ከሰጠቻቸው ሕመሞች መካከል ከድባቴ፣ ከሚጥል በሽታና ከሳይኮሲስ ጋር የአልኮል ሱስ ተቆጥሯል። ሰካራም መባል የለመደ ሰው ሕመምተኛ ተብሎ ካርድ ሲወጣለት፣ ራሱ ያ ትልቅ ለውጥ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ መጠየቅ ነው። ለዚህ የተዘጋጀች አሥር ጥያቄ ያላት መጠይቅ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1989 በዓለም ጤና ድርጅት የወጣች ናት፣ ከ0 እስከ 40 ነጥብ ትሰጣለች። 8 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አጠጣጡ ለጉዳት የሚያጋልጠው ነው፤ 20 የደረሰ ደግሞ ሱስ ሳይዘው እንደማይቀር ይታሰባል። ምን ያህል ጊዜ ትጠጣለህ? ከጀመርህ ማቆም ያቅትሃል? ትናንት ማታ የሆነውን ማስታወስ ያቃተህ ጊዜ አለ? ዘመድ ወይም ሐኪም «ቀንስ» ብሎህ ያውቃል? እንዲህ እንዲህ እያለች ትሄዳለች።

መከራው ያለው መጠኑ ላይ ነው። መጠይቋ «አንድ መጠጥ» የምትለው 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ያለበትን ነው። የስማዳዋ ወገዳ ገበያ ውሎ በግራም የሚጠጣ ማን አለ? ጠላ በጣሳና በዋንጫ፣ አረቄ በመለኪያ ይቀዳል። ጠላው እንደ ጠማቂዋ እጅ፣ እንደ ጌሾውና ብቅሉ፣ እንደ ቅጥነቱ ከ2 እስከ 6 በመቶ አልኮል ሊይዝ ይችላል። ዳገም አረቄ 40 በመቶን ያልፋል። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ አማካሪ ጠረጴዛው ላይ ጣሳና መለኪያ አስቀምጦ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ስሌቱ ለብዙዎች ያልጠበቁት ነው፦ ባለ 4 በመቶ ጠላ ግማሽ ሊትሩ ወደ 16 ግራም አልኮል አለው፤ ባለ 40 በመቶ አረቄ ይህንኑ 16 ግራም ለመስጠት 50 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። «እኔ ጠላ እንጂ አረቄ አልነካም» የሚል ሰው አምስት ጣሳ ጠላ ጠጥቶ ሲነሣ፣ ከአረቄ ቤት ከሚወጣው ጎረቤቱ የሚለየው በጠረኑ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከአሥሩ ሁሉ አንዷን ምረጥ ብባል ስድስተኛዋን እመርጣለሁ፤ ስለ ጠዋት የምትጠይቀውን። አማካሪዋ ወጣት፣ ሰውየው ሽማግሌ ነው እንበል። «አባባ፣ ጠዋት ሳይቀምሱ ሥራ መጀመር ይችላሉ?» ትለዋለች። «ኧረ ልጄ፣ ያለ እሷማ እጄ መች ይታዘዘኛል!» ይላል፣ እየሳቀ። እሷ ግን እዚህ ላይ ብዕሯን ታቆማለች። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ላብ የሚያጠምቀው፣ አንድ መለኪያ ሲጎነጭ የሚረጋለት ሰው ከእንግዲህ የሚጠጣው ለሞቅታ አይደለም፤ ሐራራውን ለመቁረጥ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ዛሬውኑ ተው» ማለት አይቻልም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል። በየቀኑ የሚደነዝዝ አንጎል ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ድንዛዜውን ለመቋቋም ከልኩ በላይ እየነቃና እየፈጠነ መሥራትን ይለምዳል። መጠጡ በአንድ ሌሊት ሲቋረጥ ፍጥነቱ ብቻውን ይቀራል። ሽቅብ የሚያርስ በሬ ምራኑ ድንገት ሲበጠስ ወደፊት ተወርውሮ በጉልበቱ እንደሚወድቀው ማለት ነው። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ ማስመለስና እንቅልፍ ማጣት ይመጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊጥለው ይችላል። በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ ጥቂቶቹ ይቃዣሉ፤ የሌለ ሰው ያያሉ፣ ግድግዳው ላይ ነፍሳት ይርመሰመሱባቸዋል፣ ቀኑና ቦታው ይጠፋባቸዋል፣ ትኩሳትና የልብ ምት ይንራል። ካልታከሙት ይህ ሰውን ይገድላል።

አሁን ያንኑ ሰው በግዝቱ ማግስት እንየው። እሑድ ተገዘተ፤ ማክሰኞ ወደቀና አረፋ ደፈቀ፤ ረቡዕ «እዩት፣ በር ላይ ቆሟል» እያለ ይጮህ ጀመር። ቤተሰቡ ምን ይላል? ጋኔን ነው ይላል፣ ወይም ግዝቱ ያዘው። አስረው፣ በሌሊት፣ ከ3,000 ሜትር ከፍታ ባላነሰው የነፋስ መውጫ ብርድ ጠበል ይወስዱታል። ላቡ ውኃውን የጨረሰ፣ ምግብ ከቀመሰ ቀናት ያለፈው አካል ነው። ማንም ክፉ አላሰበም። ሁሉም የሚችለውን አድርጓል። ግን ሰውየውን ሊያድነው ይችል የነበረው ነገር በየጤና ተቋሙ የሚታወቅ ተራ መድኃኒት ነበር።

ሕክምናው ረቂቅ አይደለም። ዳያዜፓም ወይም የእሱ ዘመድ የሆነ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይጀመራል፣ በየቀኑ መጠኑ እየተቀነሰ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ያልቃል። ቫይታሚን ቢ 1 ይሰጣል፤ ለዓመታት በመጠጥ የኖረ ሰው ይህ ቫይታሚን ስለሚጎድለው፣ ግሉኮስ በደም ሥሩ ከመግባቱ በፊት ሊያገኘው ይገባል፤ አለዚያ አንጎሉ ሊጎዳና የማስታወስ ችሎታው ሊጠፋ ይችላል። ውኃ፣ ምግብ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው። ከዚህ በፊት መጠጥ አቁሞ የወደቀ ወይም የቃዠ ሰው ሆስፒታል ተኝቶ መታከም አለበት። ዳያዜፓሙን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ራስን ማከም ግን ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ የሚያቆም ሌላ አደጋ ነው።

ሳምንቷ ስታልፍ ምክሩ ይጀመራል፤ ሰዎችም ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ከሽማግሌ ተግሣጽ ጋር ያመሳስሉታል። ሰውየው ተግሣጽ አልጎደለውም፤ ሚስቱም፣ ወንድሙም፣ የዕድሩ ዳኛም ነግረውታል። አማካሪ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ሰውየው ራሱ እንዲናገር ያደርጋል። «መጠጡ ምን ጠቀመዎ?» ብሎ ይጀምራል። ጥያቄው ሰውየውን ያስደነግጠዋል፣ ማንም ጠይቆት አያውቅማ። ሐዘኑን እንዳስረሳው፣ ከሰው እንዳገናኘው ይናገራል። ቀጥሎ «ምንስ አስከፈለዎ?» ይባላል። የሸጠው በግ፣ የተደባደበበት ገበያ፣ ትምህርት ያቋረጠችው ልጅ ከራሱ አፍ ይወጣሉ። የመተው ምክንያት ከራሱ የወጣለት ሰው ያንን ምክንያት ሲከራከርለት ይገኛል፤ ከሌላ የመጣበትን ግን ሲከራከረው። ይህን አነጋገር አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊሊያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 መልክ አስይዞ ጽፎታል፤ ዛሬ በዓለም ላይ የሱስ ምክር ሲሰጥ ከሚሠራባቸው ዋነኛ መንገዶች አንዱ ነው።

ከዚያ ጥቃቅኑ ሥራ አለ፣ ለእኔ ከሁሉ የሚማርከኝ እሱ ነው። የሳምንቱን ቀናት አንድ በአንድ ማየት። ታች ጋይንት የከተማው ስም እንኳ አርብ ገበያ ነው፤ ዓርብ ዕለት ገበያ የዋለ ሰው ጠላ ቤት ሳይገባ እንዴት ይመለሳል? ከማን ጋር ይሄዳል? ብሩን ማን ይይዝለታል? ደቦ ሲጠራ ጠላ አለ። ሰርግ፣ ተዝካር፣ ክርስትና፣ የወር ማኅበር፣ በሁሉም ጠላ አለ፤ ያውም «በሞቴ!» «አፈር ስሆን!» ከሚል ባለቤት ጋር። እምቢታው ልምምድ ይጠይቃል፤ አማካሪና ታካሚ ተቀምጠው ጋባዥና ተጋባዥ ሆነው ይጫወቱታል። አንድ ዘዴ ደግሞ ከባህላችን ጓዳ ይገኛል። ሙስሊም ጎረቤት ያለው ክርስቲያን ሲደግስ ቅሪቦ ያዘጋጃል። ከመጠጥ የተመለሰውም ከዚያው ቢቀዳለት ዋንጫው ሙሉ ነው፣ ማንም አይለምነውም፣ ከማኅበሩም አልተለየ። ለደጋሹ ቀድሞ መንገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1935 አንድ ነጋዴና አንድ ሐኪም፣ ሁለቱም ጠጪ የነበሩ፣ ተገናኝተው የመሠረቱት ማኅበር ዛሬ ዓለምን አዳርሷል። ክብ ሠርተው ተቀምጠው እንዴት ሳይጠጡ እንደዋሉ ይነጋገራሉ። እኛ ማኅበሩ አለን፣ ክቡም አለን። ጋኑ ነው መሐል የተቀመጠው።

ከጠጪው ጀርባ ብዙ ጊዜ ሌላ ሕመም አለ። ድባቴ፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ የሚነሣ ቅዠት። የትኛው ቀድሞ መጣ የሚለው ለባለሙያም ያስቸግራል፤ በመጠጥ የመጣ ድባቴ ከሆነ ካቆሙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብዙውን ጊዜ ይቀላል፣ ካልቀለለ በራሱ መታከም አለበት። ስለ ራስን ማጥፋት አማካሪው በግልጽ ይጠይቃል። መጠየቁ ሐሳቡን አይዘራም፤ ብቻውን ለተሸከመው ሰው እንዲያውም እፎይታ ነው። በዚህ አካባቢ ይህን ክፍል ማለፍ ደግሞ አይቻልም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጋይንትን አልፎ እስከ ደብረ ታቦር ደጃፍ ደርሶ ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ነፋስ መውጫ በትግራይ ተዋጊዎች በተያዘችባቸው ቀናት መደፈራቸውን የተናገሩ 16 ሴቶችን ቃል አስፍሯል፤ የከተማዋ ሆስፒታልም ተዘርፎ ስለነበር ሕክምና በቅርብ አላገኙም። ያን ያየ ሰው በሌሊት ነቅቶ መለኪያ ቢፈልግ የሥነ ምግባር ጉድለት አድርገን ልንቆጥርበት አይገባም።

ሴቶቹን ሳነሣ ሌላም አለ። አረቄ የምታወጣው፣ ጠላ የምትጠምቀው ሴት ናት፤ አብዛኛውን ጊዜም ባሏን በሞት ወይም በፍቺ ያጣች፣ ልጆች የምታሳድግበት ሌላ መተዳደሪያ የሌላት። ስትቀምስ፣ ከደንበኛ ጋር ስታጋጭ ራሷ ሱስ ሲይዛት ደግሞ እንደ ወንዱ በአደባባይ አትታይም። ተደብቃ ትጠጣለች፣ ተደብቃ ትታመማለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። መልካም ሕግ ነው። የወገዳ አረቄ ቤት ግን ማስታወቂያ ኖሮት አያውቅም።

አገልግሎቱ የት ይገኛል? በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደ ጤና ጣቢያ ይመራሉ፤ ከዚያ የነፋስ መውጫና የመካነ ኢየሱስ ሆስፒታሎች፣ ከፍ ሲል ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አሉ። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መሄድ የሚያስፈልገው ጥቂቱን ነው። ወረቀት ላይ ያለው ሰንሰለት ይህ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልል ባለበት ግጭት መንገድ ሲዘጋ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ለዚህም ነው ጤና ጣቢያው ላይ ያለችው አንዲት የሠለጠነች ነርስ ከሩቁ ስፔሻሊስት የምትበልጠው። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የተደረገ የቤት ለቤት ጥናት ከአራት ወንዶች የአንዱ ገደማ አጠጣጥ ለጉዳት የሚያጋልጥ መሆኑን አሳይቷል፤ የከፋ ችግር ካለባቸው መካከል አብዛኞቹ ደግሞ እርዳታ ፈልገው አያውቁም። ብዙዎቹም በሕመማቸው ያፍሩ ነበር።

ኀፍረቱን ለማንሣት ከነፍስ አባት የተሻለ ሰው የለም። ግዝት ሐኪም የማይሰጠውን ይሰጣል፤ «ተገዝቻለሁ» ያለን ሰው ማንም ጠጣ ብሎ አይለምነውም። የጎደለው ቅደም ተከተሉ ነው። ያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር እንዲወስዱ ተናግረዋል፤ ለአልኮልም ያው ቃል በየደብሩ ቢነገር ይበቃል። ግዝቱ ቢፈርስስ? ያፈረሰ ሰው ተረገምሁ ብሎ ይሸሻል፣ ቄሱንም ይሸሻል፣ ይብሱን ይጠጣል። አማካሪ ዘንድ መውደቅ የሕመሙ አንድ ጠባይ ነው፤ «የትኛው ቀን ነበር? ማን ነበር አብሮዎ?» ተብሎ እንደገና ይጀመራል። ሁለቱ ቢነጋገሩ የወደቀው ሰው የሚመለስበት በር አያጣም።

እናም ለካህናቱም ለቤተሰቡም አንድ ልመና አለኝ። ሰውየው ቃል ልግባ ብሎ ሲመጣ «ጠዋት ሳትቀምስ እጅህ ይንቀጠቀጣል? ከዚህ በፊት ትተህ ወድቀህ ታውቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። አዎ ካለ ግዝቱን ለመጪው ሳምንት አቆዩለትና ዛሬ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ።