ሰር ፐርሲ ስኮትና የብሪታንያ ባሕር ኃይል የተኩስ ለውጥ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የብሪታንያ ባሕር ኃይል በመርከቦቹ ብዛትም ሆነ በዝናው ተወዳዳሪ አልነበረውም። ይሁን እንጂ መድፎቹ ከሚተኩሷቸው ጥይቶች አብዛኞቹ ዒላማቸውን ይስቱ ነበር። ይህን ጉድለት በአኃዝ አስደግፈው በማሳየትና መፍትሔውን በተግባር በማረጋገጥ ስማቸው የሚነሣው መኮንን ሰር ፐርሲ ስኮት ናቸው። የአገልግሎት ታሪካቸው አንድ ነባር ተቋም አዲስ አሠራርን ለመቀበል ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት፣ ለውጡን ያመጣው ሰውም ምን ዋጋ እንደሚከፍል ያሳያል።

ስኮት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1853 ለንደን ውስጥ ተወልደው በ1866፣ ገና በ13 ዓመታቸው፣ የባሕር ኃይሉን ተቀላቀሉ። በፖርትስመዝ በሚገኘው ኤክሰለንት በተሰኘው የመድፈኞች ትምህርት ቤት ሠልጥነው በዚያው በአሠልጣኝነት አገልግለዋል። በዘመኑ የአንድ አዛዥ ብቃት በአብዛኛው የሚለካው በመርከቡ ንጽሕናና በቀለሙ ድምቀት ነበር። የመድፍ ጭስ ቀለም ስለሚያበላሽ፣ የተኩስ ልምምድ ብዙዎች ለግዴታ ያህል የሚፈጽሙት ተግባር ሆኖ ቆይቷል።

በ1896 ስኮት በሜዲትራኒያን ባሕር የተሠማራችው የሲላ መርከብ አዛዥ ሆኑ። በባሕር ላይ የሚተኮስ መድፍ ዋነኛው ችግር የመርከቧ መወዛወዝ ነው። ተኳሹ አፈ ሙዙን አስተካክሎ ይጠብቅና መርከቧ ስትወዛወዝ ዒላማው በማነጣጠሪያው ፊት በሚያልፍባት ቅጽበት ይተኩሳል። ጥቂት ቢፈጥን ወይም ቢዘገይ ጥይቱ ባሕር ውስጥ ይገባል። ስኮት በልምምድ ወቅት ከተኳሾቻቸው አንዱ ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት ማስመዝገቡን አስተዋሉ። ሰውየው ቅጽበቷን አይጠብቅም፤ አፈ ሙዙን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን መዘውር ያለማቋረጥ እያዞረ መድፉን ከዒላማው ሳይነቅል ያቆየው ነበር።

አዛዡ የአንዱን ሰው ዘዴ የሁሉም አሠራር ለማድረግ ተነሡ። መዘውሩ በቀላሉና በፍጥነት እንዲዞር አሻሻሉ፤ ማነጣጠሪያ መነጽሩ መድፉ ወደ ኋላ ሲመለስ የተኳሹን ዓይን እንዳይመታ አደረጉ፤ ጥይት ሳያባክኑ በየዕለቱ መለማመድ የሚያስችል መሣሪያም ሠሩ። በ1899 በተካሄደው ዓመታዊ የተኩስ ውድድር ሲላ ከተኮሰቻቸው 70 ጥይቶች 56ቱ ዒላማቸውን መቱ። ከመቶ 80 እጅ የደረሰው ይህ ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል፤ የተጠራጠሩትም ጥቂቶች አልነበሩም።

በዚያው ዓመት ቴሪብል የተባለችው መርከብ አዛዥ ሆነው ደቡብ አፍሪካ ሲደርሱ የቦር ጦርነት ተጀምሮ ነበር። የቦር ተዋጊዎች ረጅም ርቀት የሚተኩሱ መድፎች ስለነበሯቸው፣ ስኮት የመርከብ መድፎች በየብስ እንዲጓዙ የሚያስችል ባለ መንኮራኩር መቀመጫ በጥቂት ቀናት ውስጥ አሠርተው ወደ ጦር ግንባር እንዲላኩ አደረጉ። ቀጥሎም ወደ ቻይና ተጉዘው የሲላን ውጤት በቴሪብል ላይ በመድገም የተጠራጣሪዎችን አፍ አዘጉ። በዚያ ያገኟቸው አሜሪካዊው መኮንን ዊሊያም ሲምስ ዘዴውን ተምረው፣ አለቆቻቸው ቸል ቢሏቸው ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በቀጥታ ጽፈው ወደ አገራቸው ባሕር ኃይል አስገቡት።

ስኮት በ1903 የኤክሰለንት አዛዥ፣ በ1905 ደግሞ የተኩስ ልምምድ ተቆጣጣሪ ሆነው ተሾሙ። ሆኖም አንደበታቸው የማይቆጠብ ነበርና ብዙ ባላጋራ አፈሩ። በ1907 የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ጉብኝት ሲቃረብ መርከቦች ቀለም እንዲቀቡ ታዘዘ። ስኮት በልምምድ ላይ ለነበረች አንዲት መርከብ ባስተላለፉት መልእክት ከተኩስ ይልቅ ቀለም ተፈላጊ ሆኗል ሲሉ ተሣለቁ። የበላያቸው አድሚራል ሎርድ ቻርለስ ቤርስፎርድም በአደባባይ ገሠጿቸው። በሁለቱ መካከል የተፈጠረው ጠብ በጋዜጦች ጭምር ተስፋፋ፤ ስኮትም በ1909 ጡረታ ወጡ።

ጡረታ ግን ሥራቸውን አላስቆመም። ሁሉም ከባድ መድፎች ምሰሶ ላይ ሆኖ በሚያነጣጥር አንድ ሰው አመራር በአንድነት እንዲተኮሱ የሚያደርገውን ዘዴ ሲያራምዱ ቆዩ። ከታች ያሉ ተኳሾች በጭስና በማዕበል ርጭት ማየት ሲሳናቸው ከላይ ያለው ሰው ያያል። በ1912 በተደረገ ሙከራ ዘዴው የተገጠመላት ተንደረር ካልተገጠመላት ኦራየን እጅግ የላቀ ውጤት አስመዘገበች። ያም ሆኖ በነሐሴ 1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ መሣሪያው የተገጠመላቸው የጦር መርከቦች 8 ብቻ ነበሩ። በ1916 የጁትላንድ ውጊያ ሲካሄድ ግን አብዛኞቹ ታላላቅ መርከቦች ታጥቀውት ነበር።

የሚያስደንቀው ዕድሜያቸውን በሙሉ ለመድፍ የደከሙት እኚህ ሰው ጦርነቱ ከመጀመሩ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ለታይምስ ጋዜጣ የጻፉት ደብዳቤ ነው። ሰርጓጅ መርከብ የታላላቅ የጦር መርከቦችን ዘመን እያበቃ ነው ሲሉ አስጠነቀቁ፤ ብርቱ ተቃውሞም ገጠማቸው። መስከረም 22 ቀን 1914 አንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በአንድ ማለዳ ሦስት የብሪታንያ መርከቦችን ሲያሰጥም ከ1,400 በላይ ሰዎች አለቁ።

ስኮት ከጡረታ ተጠርተው የፀረ ሰርጓጅ ሥራን አገዙ፤ የለንደንንም የአየር መከላከያ ለጥቂት ወራት መሩ። በ1924 ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩት፣ በአንድ ተኳሽ እጅ ያዩት ዘዴ የታላላቅ ባሕር ኃይሎች መደበኛ አሠራር ከሆነ በኋላ ነበር።