እውነት ወይስ ተረት? መላጣ ሁሉ የወንድ ሆርሞን የበዛበት ነው

ተረት ነው፤ ግን እውነት የተቀላቀለበት ተረት ስለሆነ ለማረም ያስቸግራል።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ጄምስ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1942 ያሳተመው ጥናት ነገሩን ለይቶታል። ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ወንዶች መላጣ እንደማይሆኑ አየ። የወንድ ሆርሞን የሆነው ቴስቶስትሮን ሲሰጣቸው፣ በዘራቸው መላጣ ያለባቸው ፀጉራቸው መርገፍ ጀመረ፤ የሌለባቸው ግን ያንኑ ሆርሞን እየወሰዱ ፀጉራቸው አልተነካም። ስለዚህ ሆርሞኑ የግድ ያስፈልጋል፤ መላጣውን ከፀጉራሙ የሚለየው ግን የሆርሞኑ ብዛት ሳይሆን የፀጉሩ ሥር በውርስ ያገኘው ባሕርይ ነው።

ቴስቶስትሮን በአንድ ኢንዛይም አማካይነት ዲኤችቲ ወደሚባል ይበልጥ ኃይለኛ ሆርሞን ይለወጣል። ይህን ሆርሞን የማይቋቋም የፀጉር ሥር በየዕድገት ዙሩ እየጠበበ፣ ፀጉሩም እየቀጠነና እያጠረ ይሄዳል። የማጅራትና የጆሮ ግንድ አካባቢ ፀጉር ስለሚቋቋመው ይተርፋል። በንቅለ ተከላ ወደ አናት የሚዛወረውም ይኸው ፀጉር ነው።

«መላጣ ከእናት ወገን ብቻ ይወረሳል» የሚባለውም ልክ አይደለም። የወንድ ሆርሞን ተቀባይ ዘረ መል ያለበትን ኤክስ ክሮሞዞም ወንድ ልጅ ከእናቱ ያገኛል፤ ይህ ዘረ መል ትልቅ ድርሻ አለው። ነገር ግን ሌሎች ብዙ ዘረ መሎች ከሁለቱም ወገን ይመጣሉ። አባቱ መላጣ የሆነ ወጣት የእናቱን አባት ፀጉር አይቶ አይዘናጋ።

«መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሰውን ጊዜ ያሳጣዋል። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ቴስቶስትሮንን ወደ ዲኤችቲ የሚለውጠውን ኢንዛይም በውርስ ያጡ ወንዶች እንዳሉ እ.ኤ.አ. በ1974 ተዘገበ፤ ፕሮስቴታቸው ትንሽ ነበር፣ መላጣም አልሆኑም። ኢንዛይሙን የሚያግደው ፊናስተራይድ መነሻው ይህ ግኝት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 ለፕሮስቴት እብጠት፣ በ1997 ደግሞ በ1 ሚሊግራም መጠን ለመላጣነት ተፈቀደ። ሚኖክሲዲል በበኩሉ የደም ግፊት ክኒን ነበር፤ በሽተኞች ፀጉር ሲያበቅሉ ታይቶ የሚቀባ ሆኖ ተሠራ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉር ሊያረግፍ ይችላል፤ ብዙዎች ደንግጠው የሚያቆሙት ያኔ ነው።

ሁለቱም ወራት ይፈልጋሉ፤ ሲቆሙም ጥቅማቸው ይጠፋል። ያለውን ማቆየት የጠፋውን ከመመለስ ስለሚቀል፣ ፀጉሩ ገና ሲሳሳ መጀመር ያዋጣል። በነጭ ሽንኩርት ማሸትና በምላጭ ደጋግሞ መላጨት ዲኤችቲን አይነኩትም። በድንገት ክብ ሆኖ የረገፈ፣ የሚያሳክክ ወይም የሚቀረፍ ከሆነ ደግሞ ሌላ በሽታ ነውና የቆዳ ሐኪም ይየው።

ፊናስተራይድ ያለ ሐኪም አይጀመርም። በጥቂት ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ ስሜትንም ሊያጨፈግግ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት የተሰበረውን ክኒን መንካት የለባትም፤ የወንድ ፅንስን ብልት አፈጣጠር ሊያዛባ ይችላል። ክኒኑን የምትወስዱ ደግሞ ለፕሮስቴት ምርመራ ስትሄዱ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ ፒኤስኤ የሚባለውን የፕሮስቴት የደም ምርመራ ውጤት በግማሽ ገደማ ስለሚያወርድ ካንሰርን ሊሸሽግ ይችላል።