ያውቁ ኖሯል? በግእዝ ፊደል የተቀረጸው የኮሪያ ሜዳይ

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1943 ዓ.ም. ያቆመው የኮሪያ ሜዳይ፣ የፊት ገጹ ለተዋጊ አሕዛብ ሁሉ አንድ ሲሆን፣ የማኅበሩን ቻርተር መርሖች ለመጠበቅ የተፈጸመውን አገልግሎት የሚመሰክረው የጀርባው ጽሑፍ ግን፣ ለግሪኩ በግሪክኛ፣ ለቱርኩ በቱርክኛ እንደ ተቀረጸ፣ በኮሪያ ጦርነት ለተሰለፈው ለኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ ዘማቾችም በአማርኛ እንደ ተቀረጸ፣ ስለዚህም የባሕር ማዶ ሰብሳቢዎች አጥብቀው እንደሚሹት ያውቁ ኖሯል?

9 ሰማያዊና 8 ነጭ መስመሮች የተፈራረቁበት ጥብጣቡ ሲያረጅ ቢደበዝዝም፣ በነሐሱ ላይ ያሉት ፊደላት ይነበባሉ። ሜዳዩ ራሱ የባለቤቱን ስም ስለማይናገር፣ በየካ፣ በኮሪያ ሰፈርም ሆነ በሌላ ስፍራ ይህን ቅርስ የወረሰ ቤተ ሰብ፣ የዘማቹን ፎቶግራፍና የምስክር ወረቀት ከሜዳዩ ባይለይ መልካም ነው፤ ተመራማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው እነዚህኑ ነውና።