በካይሮ የዋልንባት የመጀመሪያ ቀን

ልጁን ለዕውቀት ወደ ሩቅ አገር የሚልክ ቤተሰብ ስለ ትኬቱ፣ ስለ ልብሱና ስለ ስንቁ ብዙ ይጨነቃል። ስለ መጀመሪያዋ ቀን ግን የሚያወራ ጥቂት ነው። እኛ ይህችን ቀን ካለፍንባት ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሆኖም በየዓመቱ ሻንጣ የሚያዘጋጁ ወጣቶችን ስናይ ትዝ ትለናለችና፣ ለእነርሱም ለወላጆቻቸውም ትጠቅም እንደሆነ ብለን እነሆ እንተርካታለን።

ጊዜው ጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነበር። ሁለታችንም ከወሎ፣ ከአንድ ሐሪማ የወጣን ደረሶች ነን። በአል-አዝሀር የመማር ዕድል ገጥሞን ከቦሌ ተነሣንና ሱብሒ ሲቃረብ ካይሮ ገባን። ነሕውና ሶርፍ ለዓመታት የቀራን በመሆናችን ዐረብኛ አያስቸግረንም ብለን በልባችን ኮርተናል።

ኩራታችን የቆየው ግን ታክሲ እስክንሳፈር ብቻ ነበር። «አይነ» ብለን የተማርነው ቃል በሹፌሩ አፍ «ፌን» ሆነ። «ጃሚዕ» ያልነው «ጋሚዕ» ሆኖ ተመለሰልን። የምናውቀው «ቃፍ» ከብዙ ቃላት ውስጥ ጠፋ። እኛ በኪታብ ዐረብኛ፣ የቃላቱን መጨረሻ በኢዕራብ እየጠበቅን ስንናገር ሹፌሩ ፈገግ ይል ጀመር። በክፋት አልነበረም፤ እኛ ግን አፈርን። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የተባልነው ቢገባንም ባይገባንም «ነዐም፣ ነዐም» ማለት ያዝን። የዕለቱ ችግር ሁሉ የተወለደው ከዚህች «ነዐም» ነው።

ዐባሲያ ወደሚገኘው የውጭ አገር ተማሪዎች መኖሪያ ስንደርስ ገና ማለዳ ነበር። የበሩ ጠባቂ ሻንጣችንን ተቀብሎ አስቀመጠልንና ለምዝገባ «ዐሸራ» ላይ ወደ ቢሮ እንድንሄድ ነገረን። ዐሸራ አሥር ነው፤ ይህስ አይጠፋንም። «ነዐም» ብለን ወጣን። አሥር ሰዓት እስኪሆን ቀኑ ሁሉ የእኛ መሰለን።

እግራችን የመራን በስም ብቻ ወደምናውቀው ወደ አል-አዝሀር መስጊድ ነው። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ970 ተጀምሮ በ972 የመጀመሪያው ሶላት የተሰገደበት ይህ መስጊድ፣ ለዘመናት ከየአገሩ የሚመጡ ተማሪዎች በየሪዋቃቸው ተከፍለው የሚኖሩበትና የሚማሩበት ቤት ነበር። የማግሪብ ሰዎች፣ የሻም ሰዎች፣ ቱርኮችም የየራሳቸው ሪዋቅ ነበራቸው። ከአገራችንና ከአካባቢዋ ለመጡትም የጀበርት ሪዋቅ ነበረላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1753 እስከ 1825 የኖረው ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ቤተሰቡ ከዚህ ወገን ነው። ከምሰሶዎቹ መካከል ተቀምጠን ይህን ስናስብ የሹፌሩ ፈገግታ ተረሳን። ዙህርን ሰግደን፣ ልባችን ቀልሎ ተመለስን።

የእጅ ሰዓታችን አሥር ሲል በቢሮው በር ላይ ቆምን። በሩ ተቆልፏል። ጠባቂው ገርሞት የራሱን ሰዓት አሳየን፤ ሦስት ይላል። ያኔ ነው የነቃነው። እርሱ ዐሸራ ያለው ረፋዱን፣ አገራችን «አራት ሰዓት» የምንለውን ኖሯል። በዚያ ላይ ሰዓታችን ገና በአዲስ አበባ ጊዜ ላይ ስለነበረ ከካይሮ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ቀኑ ሐሙስ፣ ማግስቱ ጁሙዓ። ያልተመዘገበ ደግሞ አልጋ አያገኝም። ሻንጣችን ላይ ተቀምጠን ዝም አልን። አንዳችን ሌላውን መውቀስ እንኳ አልቻልንም፤ «ነዐም» ያልነው ሁለታችንም ነንና።

ዐስርን ሰግደን በአማርኛ ስንተክዝ ከበሩ የሚወጣ አንድ ተማሪ ድምፃችንን ሰምቶ ቆመ። ከእኛ በፊት የመጣ ያገራችን ልጅ ነው። ነገሩን ስንነግረው ሳቀና «አብሽሩ፣ ይህች ሰዓት እኔንም አታላኛለች» አለን። ከጓደኞቹ ጋር ወደተከራየው ቤት ወሰደን። ፉል ከትኩስ ዳቦ ጋር አቀረበልን። ግብፆች ዳቦን «ዐይሽ» እንደሚሉት፣ የቃሉም ሥር «ሕይወት» መሆኑን ያስተማረን በዚያች ማዕድ ነው።

ከበላን በኋላ ግን እንዲህ አለን፦ «ዐሸራ ሲላችሁ ‹ጧት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ?› ብላችሁ ጠይቃችሁት ነበር?»

መልስ አልነበረንም።

«ወንድሞቼ፣ እዚህ የመጣችሁት ልትጠይቁ አይደል እንዴ?»

ይህች ቃል በኋላ ከተማርናቸው ብዙ ደርሶች ይልቅ በልባችን ቀርታለች። ሪዋቅ ምሰሶና ጣሪያ ብቻ እንዳልነበረም የገባን ያን ማታ ነው። ለመንገደኛው ደረሳ ማረፊያና እንጀራ የሚሰጠው፣ ሲሳሳትም የሚያርመው ያገሩ ሰው ነበር ሪዋቁ።

ሳንተኛ ወደ ስልክ ቤት ወሰደን። እናቶቻችን ሰፈር ካለው ሱቅ ስልክ አጠገብ ሲጠብቁ አምሽተዋል። ስለ ትምህርቱ አልጠየቁንም። «በላችሁ? ማደሪያስ አገኛችሁ?» ብቻ ነው ያሉት። «አዎን» አልን። የዚያን ቀን ገብቶን የተናገርነው የመጀመሪያው «አዎን» ይህ ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተመዘገብን፤ ያልገባንንም ሁሉ ደጋግመን ጠየቅን።

ስለዚህ ውድ ወጣቶች፣ ከአውሮፕላን ስትወርዱ በመጀመሪያ ሰዓታችሁን አስተካክሉ። ቀጠሮ ሲሰጣችሁ ጧት ይሁን ማታ ጠይቁ፤ በወረቀትም አጽፉ። የሰነዳችሁን ቅጂ ከሻንጣ ሌላ በእጃችሁ ያዙ። ቀድሞ የሄደ ያገራችሁን ሰው አድራሻ ሳትይዙ ከቤት አትውጡ። እናንተ ወላጆችም ልጆቻችሁን «አታሳፍሩን» ብላችሁ ብቻ አትሸኙ። «ያልገባችሁን ለመጠየቅ አትፈሩ» በሏቸው። ቀድማችሁ ሄዳችሁ አገሩን የለመዳችሁ ደግሞ፣ በር ላይ ሻንጣው ላይ የተቀመጠ ልጅ ስታዩ ቆም በሉ። እኛን ያስተናገደን ወንድም ውለታውን እንድንመልስ ጠይቆን አያውቅም፤ ለሚቀጥለው እንድናደርገው እንጂ።

አላህ መንገደኛ ልጆቻችንን በሰላም ያድርስልን፣ በሰላምም ይመልስልን። አሚን።